«ጠጁስ?»

ያለፈው ፋሲካ አማቴ ቤት የገባሁት ሁለት ጠርሙስ ነጭ ወይን በብብቴ ይዤ ነው። ጥፋቱ የስሌት ነበር። «ነጭ ወይን ከነጭ ሥጋ ጋር ነው» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዶሮ ነጭ ሥጋ ነው፤ እንግዲህ ዶሮ ወጥ ከነጭ ወይን ጋር ይስማማል። ይህን ስደምር ወጡ ቀይ መሆኑን ማን ያስታውሰኝ!

አማቴ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ጠጁስ?»

«እማማ፣ ይሄ የዝዋይ ሻርዶኔ ነው» አልኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ዛሬ ባቱ የምትባለው ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የፈረንሳዩ ካስቴል እዚያ አሸዋማ መሬት ላይ ወይን ተክሎ፣ በ2006 ዓ.ም. ገደማ «ሪፍት ቫሊ» ብሎ ገበያ አወጣው፤ ሻርዶኔ የወይኑ ዘር ስም ነው፤ አገሩ ቡርጎኝ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ መንደርም እዚያው አለ። አማቴ አንገታቸውን እየነቀነቁ እንቁላል ይልጣሉ። ጆሯቸውን የሰጡኝ፣ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል ስል ብቻ ነው።

«ጉማሬው ምን ሊያደርግ ይገባል?»

«ወይን ሊበላ ነዋ።»

«ብልህ ነው። ሳይጠመቅ ነው የሚፈልገው።»

ቀረብን። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከአማቴ እጅ ተቀበልኩ፤ ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ አፍ እንዴት እንደሚቃጠል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እሳቱን ላጠፋ ቀዝቃዛውን ወይን ተጎነጨሁ። ቤንዚን ነው የጨመርኩበት! አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም። ሻርዶኔው ደግሞ ደረቅ ነው፤ ስኳሩን እርሾው በልቶ ጨርሶታል፣ ምላስ የሚያባብልበት አልተረፈውም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጆቹ በትንሣኤው ደስታ ያለቀስኩ መሰላቸው።

የባለቤቴ አጎት፣ ጋሼ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ኮካ ከፈቱና ብርጭቆዬ ላይ ጨመሩበት። ቡርጎኝ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው ከመንደር የሚባረር ይመስለኛል። ግን ጠጣሁት፣ ቃጠሎውም ጋብ አለልኝ። የጠጁም ምስጢር ይኸው ነው፤ ማሩ በርበሬውን ያባብላል፣ ጌሾው ማሩ እንዳይሰለች ይጠብቃል። አማቴ ይህን የሚያውቁት ማንም ሳያስረዳቸው ነው።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ይዤ ስወጣ «ተወው» ያለኝ የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሥራ ዝዋይ ወረድኩ፤ ጠርሙሱም አብሮኝ ወረደ። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎች እንደ ቀብር አስተናባሪ ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ቆሮሶ አዘዝኩ፤ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ፣ ከነጭንቅላቱ መጣ። ዳጣውን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋሁት፤ ልምድ አለኝ። ሎሚ ጨመቅሁበት። ከዚያ ወይኑን ቀመስኩት።

ያው ወይን አልነበረም! ኮምጣጣነቱ ሎሚው የሚሠራውን ሥራ እያገዘ የዘይቱን ክብደት ከአፌ አጠበልኝ፤ ዓሣው ጣፈጠ፣ ወይኑም ለካ ፍሬ ፍሬ ይላል። ቆሮሶውና ወይኑ አንድ ሐይቅ አጠገብ ነው ያደጉት፤ እኔ ነኝ አዲስ አበባ ወስጄ ከማያውቀው በርበሬ ጋር ያጣላሁት። አጥንቱን እስክግጥ ድረስ አንድ አባ ኮዳ ዓይኑን አልነቀለብኝም።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሙከራ ላይ ነኝ። ከአይብ ጋር ሸጋ ነው፣ ሚጥሚጣ ካልነካው። ድንች አልጫም ይሆናል። ከሁሉም የበለጠው ግን በቅቤ የተሠራ ዶሮ አልጫ ነው፤ ለካ ስሌቴ የተሳሳተው በወጡ ቀለም ብቻ ኖሯል። ይህን እንዳወቅሁ ለባለቤቴ ሮጬ ነገርኳት፦ ለመጪው ፋሲካ እማማ ዶሮውን አልጫ ቢያደርጉትስ?

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ለፋሲካ አልጫ? አንተው ንገራቸው።»

ጠጁን አዝዣለሁ፤ አምስት ሊትር።