ድረ ገጽን በሰባት ዘበኛ የማስዘረፍ ጥበብ

ከሁሉ አስቀድሞ ልብዎ ይርጋ። የእርስዎ ድረ ገጽ ሦስት የሆቴል ፎቶ፣ አንድ ስልክ ቁጥርና ካቻምና ተለጥፎ የቀረ የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ነው፤ ማን ይፈልገዋል? ሃከር እንደሆነ ኮፍያውን አጥልቆ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ ስለ ባንክ ብቻ የሚያስብ ሰው ነው፤ ፊልም ላይ አይተነዋል። ሌሊቱን ሙሉ በር እየገፋ የሚዞረው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው፣ ፕሮግራም ደግሞ የባንክና የሆቴል በር አይለይም የሚል ካጋጠመዎት፣ ሥራ ፈላጊ ነው ብለው ይለፉት።

ልብ ከረጋ ወደ ፕለጊኑ ነው፤ ድረ ገጽን እንዲጠብቅ ወደሚጫነው ተጨማሪ ፕሮግራም። ድረ ገጽዎ የቆመው በዎርድፕረስ መሆኑ አይቀርም፤ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በእሱ ነው። አንድ ቁልፍ ያስቀረጸ ሌባ ስንት በር ሊሞክርበት እንደሚችል ያስቡት። ይልቅስ አያስቡት። ዎርድፌንስን ይጫኑ፣ ሱኩሪን ይጨምሩ፣ ሶሊድ ሴኪዩሪቲን ይደርቡ፤ ጋሻ የተሳለበትን ሁሉ ሰባት እስኪሞላ ይሰብስቡ። አንድ ዘበኛን እንቅልፍ ሊጥለው ይችላል፤ ሰባት ዘበኛ ግን እርስ በርሱ ሲጠራጠር ያድራል። አንዱ የነካውን ፋይል ሌላው "ተቀይሯል፣ አደጋ ነው" እያለ ኢሜይል ይልክልዎታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰባቱም ተነሥተው ይፈትሹታልና ገጹ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። በመጨረሻም ባለቤቱን እርስዎን በር ላይ ያስቀሩዎታል። ያን ጊዜ ሁሉንም ያጥፏቸው፤ ግን አይሰርዟቸው። የጠፋ ፕለጊን ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ቀዳዳ ካለውም ቀዳዳው አብሮ ይቀመጣል። ያባረሩትን ዘበኛ ቁልፉን ሳይቀበሉ እንደ መሸኘት ያለ ቸርነት ነው።

ዘበኛ በዶላር መቅጠር ከከበደዎት (ይከብዳል፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ የሶፍትዌር ክፍያ ለመፈጸም የሞከረ ያውቀዋል) መፍትሔው ቴሌግራም ላይ ነው። በየዓመቱ የሚከፈልበት ፕለጊን እዚያ ተሰብሮ በነጻ ይወርዳል። ሰው እንዲህ ያለ ደግነት ለምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ነው። ደብሊውፒ-ቪሲዲ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ለዓመታት የተሰራጨው በዚሁ ደግነት ነበር፤ በተሰረቁ ፕለጊኖችና የገጽ ንድፎች ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ እያስገባው። ደግሞም ጎረቤት ይወዳል፤ በዚያው ሆስቲንግ ላይ ሌላ ድረ ገጽ ካለዎት እሱንም ሳይጎበኝ አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር ልግባ፤ አፕዴት። ገብተው ሲሠሩ ዳር ላይ የምትታየውን ቀይ ቁጥር እንደ ጌጥ ይቁጠሯት፤ 17 ስትደርስ ደግሞ ታምራለች። እርግጥ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2017 ዎርድፕረስ 4.7.2 ሲወጣ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ደፍኖ ነበር፤ ማንም መንገደኛ ያለ ፓስወርድ የሰው ጽሑፍ እንዲለውጥ የሚያስችል። ሕዝቡ አፕዴት አድርጎ እስኪጨርስ ብለው ሠሪዎቹ ስለ ቀዳዳው ትንፍሽ ሳይሉ ቆዩ፤ የተናገሩት ፌብሩዋሪ 1 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀናት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች ተበላሹ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው እንዲህ ላለው ነው። የሚያናድደው የሌሎቹ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንዲህ ያለው ጥገና በራሱ ስለሚገባ፣ ብዙው ሰው ተኝቶ ዳነ፤ መዳኑንም አላወቀ። እርስዎ ይህ እንዳይደርስብዎ አውቶማቲኩን ዛሬውኑ ይዝጉት።

"ዘበኛውስ አፕዴት አይፈልግም?" የሚል ብልጥ አንባቢ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 ሪያሊ ሲምፕል ሴኪዩሪቲ በተባለው፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት የደህንነት ፕለጊን ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ቀዳዳው የነበረው የት መሰለዎት? ከፓስወርድ ቀጥሎ ሁለተኛ ማረጋገጫ በሚጠይቀው ክፍል ውስጥ። ያን ክፍል ባበራ ሰው ቤት፣ እንግዳው ያለ ፓስወርድ ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ መግባት ይችል ነበር፤ ላላበራው አያሰጋም። ሁለተኛ ቁልፍ ያስገጠመ ሰው በሁለተኛው ቁልፍ ተከፈተበት ማለት ነው። ጥገናው ወዲያው ወጣ፤ ብዙዎቹም ጋ በግድ ጭምር ተጫነ። ታዲያ ከዚህ ታሪክ "ዘበኛም ይጠበቃል" የሚለውን ትተው፣ "ሁለተኛ ቁልፍ ጣጣ ነው" የሚለውን ብቻ ይያዙ።

ፓስወርድ ላይ ጊዜ አላጠፋም። የሆቴሉ ስም እና 123 በቂ ነው፤ ወይም "ያግኙን" የሚለው ገጽ ላይ የተጻፈው ስልክ ቁጥር፣ እንዳይረሱት። ለሠራተኛው ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ይላኩት፤ ተጣልቶ የወጣው ሒሳብ ሠራተኛ አሁንም ግሩፑ ውስጥ ካለ ምን ይደረጋል።

አንድ ቀን ደንበኛ ይደውላል። "ገጻችሁን ስከፍት ቁማር ቤት ይወስደኛል" ይላል። ወዲያው ከቢሮዎ ኮምፒውተር ይክፈቱትና "እኔ ጋ ደህና ነው" ይበሉት። እውነትዎን ነው፤ እንዲህ ያለው ተንኮል ብዙ ጊዜ በአስተዳዳሪነት ለገባ ሰው ራሱን አይገልጥም፤ የሚጠብቀው በጉግል ፈልጎ በስልኩ የመጣውን እንግዳ ነው። ጉግል ላይ የሆቴልዎ ስም በጃፓንኛ የጫማና የሰዓት ሽያጭ ታጅቦ ከመጣም አይደንግጡ፤ ዓለም አቀፍ ሆነዋል። ገጹ ላይ የጉግል ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣበት ግን ስምንተኛ ፕለጊን ይጫኑ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉዎት፣ ቢያንስ ጮኋል። ስምንተኛው ፈትሾ "ንጹሕ ነው" ካለ ማመን ነው፤ ፈታሹና ሌባው አንድ ቤት እያደሩ፣ ሌባው በባለቤት ሥልጣን የፈታሹን ዓይን ሊሸፍን ይችላል የሚለውን ወሬ ማንም አያስረዳዎ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ባክአፕ ነው። ባክአፑ ያለው እዚያው ሰርቨር ላይ፣ ከተዘረፈው ዕቃ ጋር ነው። ሌላ ቅጂ ካለ የሚኖረው ድረ ገጹን የሠራልዎት ልጅ ጋ ነው። የሆስቲንጉ ፓስወርድም፣ የዶሜይኑ ምዝገባም በእሱ ኢሜይል ነው። ልጁ ደግሞ ከሄደ ሁለት ዓመቱ፤ ዱባይ ነው ይላሉ። ቁጥሩን ካገኙት ለእኔም ይላኩልኝ፤ የእኔንም የሠራው እሱ ነው።