ከበደና ደረቁ

ተረት ተረት፤ የላም በረት። በረቱ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ የተረቱ ባለቤቶች ግን ላሞቹ አይደሉም። ከሐሙሲት ወደ ጣና ወረድ ሲባል ደንገሉ ዳር የሚውሉት ታንኳዎች ናቸው።

ታንኳ ለማያውቅ፦ ደንገል ተቆርጦ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ አለቀ። ሚስማር የለው፣ ሣንቃ የለው። አንድ ዐመል ብቻ አለበት፤ ውኃ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ የተንሳፈፈበትን ሐይቅ ጥቂት በጥቂት ወደ ሆዱ ያስገባዋል። ስለዚህ ሲመሽ ወደ ዳር ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይንጠፈጠፋል፣ በማግስቱ ፀሐይ ይመታዋል። የእኛ ታንኳዎች ጌታ አልነበራቸውም፤ ራሳቸው ነበሩ የሚወጡት።

ታዲያ አንድ ዘመን ላይ መውጣቱን ተዉት። ያስተዋቸው ሥራ አልነበረም፤ ወሬ ነበር። ማታ ማታ ውኃው ላይ ጨዋታ ይደራል፦ የዘጌ ጌሾ በስንት ገባ፣ ባሕር ዳር ላይ ማን ከማን ተጋጨ፣ የትኛው ታንኳ ተሰነጠቀ። ዳር የወጣ ያመልጠዋል። ያመለጠው ደግሞ ጠዋት አፍ የለውም። ስለዚህ ሁሉም እያደረ ጠጣ፣ እየጠጣ አደረ።

ከሁሉ በላይ የጠጣው ከበደ የሚባለው ነበር። አብጦ፣ ወርዶ፣ ግማሽ ጎኑ ከውኃ በታች ሆኖ ይቀመጣል። የከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ሌሎቹ ይዋልላሉ፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። «አያችሁ እርጋታ!» ተባለ። ጋሽ ከበደ ተባለና ዳኛ ሆነ። ያልተጠየቀው ነገር የለም፣ ያልመለሰውም የለም። ጣና ራሱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሰፊውን ከጥልቁ መለየት ለነዋሪዎቹ ቢቸግር አልፈርድባቸውም።

አንድ ታንኳ ብቻ ሲመሽ ይወጣ ነበር። «ደረቁ» አሉት፤ ለስድብ ነው። ወጥቶ ይቆማል፤ እያንጠባጠበ ራሱን ይጠይቃል፦ ዛሬ የያዝኩትን ከማን ሰማሁት? የነገረኝስ አይቶ ነው? መልስ ያጣው ሁሉ ጠብ ጠብ እያለ አሸዋው ላይ ይቀራል። አንዳንድ ማታ የቀኑ ጨዋታ እንዳለ ይፈስስና ደንገሉ ብቻ ይተርፋል። ከዚያ እማማ ኤሊ ቀስ እያለች ትመጣና ማሠሪያውን ትነካካለች።

«ልጄ፣ በግራ በኩል ላልተሃል።»

«ትናንት እኮ አጥብቄው ነበር፣ እማማ።»

«ትናንትማ ትናንት ነው።»

ይከፋዋል፤ ግን ያጠብቃል። ጠዋት ጨዋታው ላይ ሲደርስና «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉት፣ ብዙውን ጊዜ «ገና አልደረስኩበትም» ይላል። በጣና ዳር ከዚህ የከፋ ነውር አልተሰማም።

ከውኃው ርቃ ዳገት ላይ የሰፈረች ንጽሕት የምትባል ታንኳም ነበረች። ወሬው አስጠልቷት «እግሬን ዳግም ከዚህ ጭቃ አልነክርም» ብላ ምላለች። ደረቁ በበጋው ወራት ቀናባትና አጠገቧ ከረመ። ደስ ይላል፤ ሐሳብ ይጠራል፤ የሚጫን ነገር ግን የለም። አንድ ቀን የፍየል ግልገል እየዘለለ ንጽሕት ላይ ቢያርፍ፣ ወገቧ ቀጭ አለ። ኤሊ ደረቁን ዞር ብላ አየችው፤ እሱም ቃል ሳይተነፍስ ወደ ውኃው ወረደ።

ነሐሴ ገባ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ታንኳዎቹ ለነገው የሐሙሲት ገበያ ጌሾ፣ ሎሚና እንጨት ጭነዋል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁ ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ፣ ሐምራዊ አበባውን ደፍቶ እየተንሳፈፈ መጣና፣ «አልሰማችሁም? ሐሙሲት ነገ አይቆምም፤ ገበያው ወደ ወረታ ዞሯል» አለ። ወሬው ከታንኳ ታንኳ ሲዘል ጋሽ ከበደ ዘንድ ደረሰ። «እኔማ ካወቅሁት ሰነበትኩ» አለ። አለቀ፤ ተረጋገጠ። ሁሉም ወደ ወረታ ለመሄድ ፊቱን ወደ ጉማራ ወንዝ መግቢያ አዞረ።

ደረቁ ወደ እምቦጩ ተጠጋ።

«ማን ነገረህ?»

«ሁሉም እያለው ነው።»

«ሁሉም ከማን ሰማ?»

«ከእኔ።»

እምቦጭ ሥሩ ውኃ ውስጥ ስለሚንጠለጠል ከየት ነህ ቢሉት አያፍርም፤ ከሁሉም ቦታ ነኝ ይላል። ደረቁ ሸክሙን እንደያዘ ወደ ለመደው ዳር ቀዘፈ። ጭነቱን ወደ ገበያ የምትወስደው አህያ እዚያው ቆማ ትጠብቃለች። ገበያው እንዳለ ነው ወይ ቢላት፣ «ሐሙስ ከሳምንቱ ወጥቷል የሚል አዋጅ ሰማህ እንዴ?» ብላ ጌሾውን ተሸከመች። በማግስቱ ሐሙሲት በዝናብ ውስጥ እንደ ወትሮው ቆመች። የመጣ ጌሾ ያ ብቻ ስለነበር ዋጋው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ጉማራ ግን ሞልቶ ነበር። ነፋሱ ከወዲያ፣ ደራሹ ከወዲህ ሲገፋ ቀለል ያሉት እየተንገዳገዱም ቢሆን ዞረው ወጡ። ጋሽ ከበደ ለመዞር ቢሞክር ሆዱ እምቢ አለ። ወረደ፣ ወረደ፣ ወንዙ ከጉና ተራራ ባመጣው ደለል ላይ ዘጭ አለ። ደግነቱ ቦታው ጥልቅ አይደለም፤ አፍንጫው ከውኃ በላይ ቀረ።

«ጋሽ ከበደ፣ ሰመጡ እንዴ?»

«ምን ሰመጥኩ! መሠረት ያዝኩ እንጂ።»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዳንዶቹ «እውነትም ከእንግዲህ ምን ማዕበል ይነካቸዋል» አሉ። አንዲት ትንሽ ታንኳ ግን ማታ ደረቁ አጠገብ መጥታ፣ «እንዴት ነው የምትደርቀው?» አለችው። «መጀመሪያ ውጪ» አላት። «ጨዋታውስ?» «ጠዋት ታገኚዋለሽ፤ የማታገኚውም አይጠቅምሽም።» ወጣች። አንድ ማታ ወጥታ፣ ሁለቱን ትታ፣ በአራተኛው ተመለሰች፤ ልማድ ሲጀመር እንዲሁ ነው።

የቀሩት ነገሩን ችላ አላሉትም። ተሰብስበው በሰፊው ተወያዩ። ታንኳ መድረቅ እንዳለበት ከበደ ራሱ አብራራ፤ ንግግሩም ተጨበጨበለት። ደረቁን ልምድህን አካፍለን ብለው ቢጠሩት፣ ሰዓቱ የመውጫዬ ሰዓት ነው ብሎ ቀረና ስሙ «ስብሰባ የማይወድ» ተብሎ ተመዘገበ። በመጨረሻ የመድረቂያ ቀን በዓመት አንድ ጊዜ እንዲከበር በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ቦታውም ለጋሽ ከበደ እንዲመች ሲባል፣ እሳቸው ካሉበት ከጉማራ መግቢያ፣ ውኃው ላይ ሆነ።