የመርካቶ ልጅ አይሸወድም

የመርካቶ ልጅ አይሸወድም። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ ሌላ ምስክር የለኝም።

ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ አንስቶ አዲስ ከተማ ካሰፈረው ወዲህ እዚህ ያልተሞከረ ማታለያ ያለ አይመስለኝም። ሦስት ካርታ እያገላበጠ «ቀይዋን ያየ!» የሚለውን ሰውዬና ከጎኑ ቆሞ ሁልጊዜ የሚቀናውን «ባለዕድል» ጓደኛውን ገና ደብተር ይዤ ስመላለስ ነው ያወቅኋቸው። መንገድ ላይ የወደቀ «ወርቅ» እንካፈል ያሉኝን ስንቱን አሰናብቻለሁ። ታክሲ ውስጥ ሿሿ ሊሠሩኝ የሞከሩትም ባዶ እጃቸውን ወርደዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዝና ተሸክሜ ነው የዓመት በርበሬዬን ልገዛ በርበሬ ተራ የወረድኩት።

ደንበኛዬን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ዛላውን ዘግኜ አሸተትኩ፣ ሰበርኩ፣ «ፍሬው በዛ» አልኩ። በየመሃሉ እያስነጠስኩ ከኪሎው ላይ አምስት ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት ተሟገትኩ። እንደምንም ሦስት ብር ቀነሱልኝ።

በድሌ ስኩራራ ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው፦ በቴሌብር 2,500 ብር ገቢ ሆኖልዎታል። ደስታዬን ሳልጨርስ ተደወለ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ! አንድ ቁጥር ተሳስቼ ለእርስዎ ላክሁት። የእናቴ መድኃኒት መግዣ ነው፤ ፋርማሲው ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ ይመልሱልኝ!»

አንጀቴ ተላወሰ። የሰው ገንዘብ ደግሞ ያስፈራኛል። በመጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ ሰው የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣ ካደረ በኋላ፣ ያልመለሱት ስማቸው ከነፎቶአቸው ሲወጣ አይቻለሁ። የእኔ ፎቶ መታወቂያ ላይ እንኳ አያምርም። ቴሌብሬን ከፍቼ ስድስቱን የሚስጥር ቁጥሮች መምታት ጀመርኩ።

«ምነው ፊትህ ተለዋወጠ? በርበሬው ነው?» አሉ እትዬ። ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሱ «እስቲ ያለህን ቁጠር» አሉኝ።

«መልእክቱ እኮ ይኸው፣ እትዬ!»

«መልእክቱንማ አየሁት። ብሩ የት አለ?»

ቀሪ ሂሳቤን አየሁ። ጠዋት 3,140 ብር ነበረኝ፤ አሁንም ያችው 3,140 ናት። መልእክቱን መልሼ ሳየው ይባስ ብሎ የተላከው 09 ብሎ ከሚጀምር ስልክ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ይሄ የደወለልኝ ሰውዬ የራሱ ቁጥር ነው! እናቱ ታመውበት ቁጥር መቀየሪያ ጊዜ አላገኘም።

መልሼ ደውዬ «ወንድሜ፣ ተሳስተህ ከሆነ ወደ 127 ደውለህ አመልክት» አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እናትየው በዚያው የዳኑ መሰለኝ።

«እኔንም» አሉ እትዬ በርበሬውን ከረጢት ውስጥ እየጨመሩ፣ «ባለፈው አንድ ሽቅርቅር ጎረምሳ አምስት ኪሎ አስመዝኖ ‹ልኬያለሁ› ብሎ የደረሰኝ ፎቶ አሳየኝ። ፎቶውን ምን ላድርገው? ላስፈጨው? ከዚያ ወዲህ ብሩ ስልኬ ውስጥ መግባቱን ካላየሁ ከረጢቱን አልለቅም።»

ሂሳቤን ከፈልኩ። እሳቸውም ስልካቸውን አይተው ከረጢቱን ለቀቁልኝ።

መንገድ ላይ ሳስበው አፈርኩ። ለሦስት ብር ግማሽ ሰዓት የተሟገትኩ ሰው፣ 2,500 ብር ለማላውቀው ድምፅ በአንድ ደቂቃ ልልክ ነበር! ለካ ያ ባለ ሦስት ካርታም «ቶሎ በል፣ ፖሊስ መጣ!» የሚለው እንዳላስብ ነበር። ካርታውን ጥሎ ሲም ካርድ ያዘ እንጂ ሥራውን አልቀየረም። ጥድፊያው ያው ነው፤ ዛሬ ፋርማሲ ይዘጋል፣ ነገ ሂሳብዎ ይታገዳል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የበዓል ሽልማትዎ ያልፍብዎታል፣ ይህችን ሊንክ ይጫኑ።

አዋጅ አለን፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008። ግን አዋጁ በርበሬ ተራ ድረስ መጥቶ ጣትዎን አይይዝልዎትም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ገንዘብ ገባልዎ ሲባሉ እንደ በርበሬ ይሟገቱት፤ ያሽትቱት፣ ይስበሩት፣ ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ። የሚስጥር ቁጥርዎን ደግሞ ለማንም አይንገሩ። ለእኔም ቢሆን፤ የመርካቶ ልጅ ነኝና።