የድንጋይ ክርስትና

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሰውን ይሁን። የከበረ ድንጋይን ስም ግን ነጋዴ ነው የሚያወጣው፤ መልአኩ አይጠየቅም። «የከበረ ድንጋይ ስም ሁሉ ጥልቅ ምስጢር አለው» የምትለን ጌጥ ሻጭ፣ ምስጢሩስ አለ፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል።

ታንዛናይትን እንያት። እ.ኤ.አ. በ1967 በሰሜን ታንዛኒያ በመሬላኒ ኮረብታዎች ስትገኝ የሳይንስ ስሟ ሰማያዊ ዞይሳይት ነበር፤ ዞይስ በተባለ የስሎቬኒያ ባሮን የተሰየመ። የኒውዮርኩ ጌጥ ሻጭ ድርጅት ቲፋኒ ይህን ስም ሲሰማ ክው አለ። «ዞይሳይት» ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ራስን ማጥፋትን ያስታውሳላ! «እንካ፣ ለእጮኛህ ራስ ማጥፊያ» ተብሎ ቀለበት ይሸጣል? በ1968 ታንዛናይት ብሎ ክርስትና አነሣት። ለአገሪቱ ክብር ነው የምትሉ፣ ባሮኑ ስሙ ቢያምር ኖሮ ታንዛኒያን ማን ያስታውሳት ነበር? ጁማኔ ንጎማን ድንጋዩን በማግኘቱ የታንዛኒያ መንግሥት 100 ሚሊዮን ሽልንግ የሸለመው በ2018 ነው። ስም ለማውጣት አንድ ዓመት፣ አግኚውን ለመሸለም 51!

ብር ያለው ደግሞ ሳይቆፍር ይሰየምለታል። ሮዝ ቀለም ያለው ቤሪል «ሞርጋናይት» የተባለው በአሜሪካዊው የባንክ ከበርቴ በጄ. ፒ. ሞርጋን ነው። ሰያሚው ጆርጅ ኩንዝ የቲፋኒ የድንጋይ አዋቂ፣ ሞርጋን ደግሞ ከባድ የድንጋይ ገዢ። ደንበኛ ንጉሥ ነው ሲባል ሰምተን ነበር፤ ደንበኛ ድንጋይ ነው ያለን ኩንዝ ነው። ራሱም አልቀረበትም፤ ኩንዛይት የምትባል አለችው። (በድንጋይ ሲመሰጋገኑ ያየነው እነዚህን ነው፤ እኛ ሰፈር ድንጋይ የሚወራወሩት ሲጣሉ ነው።)

አሌክሳንድራይት በሩሲያው አልጋ ወራሽ፣ ኋላ ዳግማዊ አሌክሳንደር በሆነው ተሰየመ። ቀን አረንጓዴ ነው፣ ማታ በሻማ ብርሃን ቀይ። ለቤተ መንግሥት ሰው ከወጡ ስሞች ሁሉ ልክክ ያለው ይኸኛው ነው።

ቱርኩዋዝስ? «የቱርክ» ማለት ነው፤ ዝነኛው ማዕድን ማውጫ ግን ፋርስ ውስጥ ኒሻፑር ነው። በቱርክ ነጋዴዎች እጅ አልፎ አውሮፓ ስለገባ ብቻ ቱርክ ሆኖ ቀረ። ደላላው ኮሚሽኑን ትቶ ስሙን ወሰደ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣውን ኦፓል ዓለም «ወሎ ኦፓል» ይለዋል። እሰይ! ባሮን የለበት፣ ባንክ የለበት። ጠባዩም አይታማም፤ ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለስለታል። ከጠጡ በኋላ የማይመለስላቸው ስንቶች አሉ!

ጉጂ ውስጥ ሻኪሶ ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. ለተገኘው ኤመራልድ ባለቤቶች ግን አንድ ምክር አለኝ፦ «ሻኪሶ» የሚለውን ስም አጥብቃችሁ ያዙ፤ ደረሰኙ ላይም፣ ሳጥኑም ላይ ጻፉት። ክርስትና አባቱ ከኒውዮርክ ሳይሳፈር ፍጠኑ።