ለተሸናፊ ቅድሚያ ስጥ

ነፋስ የሚጠላ ሰው ማውንተንስ ኤጅ ቤት አይከራይ። ከላስ ቬጋስ ደቡብ ምዕራብ ዳር ነን፤ በረሃው ደጃችን ላይ ነው፣ ነፋሱም ሲመጣ አያንኳኳም። እኔ ደግሞ ሌሊት ሠርቼ ቀን የምተኛ ሰው ነኝ። (ይህን የቬጋስ ሀበሻ ሲሰማ «ታዲያ ማን ያልሆነ አለ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ።) እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጋረጃ ጋርጄ ጋደም ስል፣ ጎረቤቴ መኪና መስኮት ላይ የተሰካችው የከተማችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ የሬደርስ ባንዲራ ሥራዋን ትጀምራለች። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ጥቁር ናት። አንድ ዓይኑን የሸፈነ ሰውዬ አለባት፤ ከኋላው ሁለት ጎራዴ ተጣምሯል።

ቡድኑ ቢያሸንፍ ምንም አልልም ነበር። አሸናፊ እንቅልፍ ቢከለክል ወግ ነው። ግን የ2024ን ውድድር አስቡት፤ በ17 ጨዋታ 4 ድል፣ 13 ሽንፈት። ከሽንፈቱም አሥሩ የተከታተለ ነው። መስቀል ሰሞን ክሊቭላንድን አሸነፉ፤ ከዚያ ቁልቢ ገብርኤል እስኪቃረብ ድል የሚባል ነገር አላዩም። በመሀል የነቢያት ጾም ገባ። እኛ ሥጋ ተውን፣ እነሱ ማሸነፍ። ባንዲራዋ ግን አልወረደችም።

ጎረቤቴ ኦክላንድ ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤቴ «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ያው የቤት ስም ያወጣችላቸው መስሏቸው ዞር ይላሉ። ቡድኑ በ2020 ከኦክላንድ ወደ ቬጋስ ሲመጣ እሳቸው ቀድመውት ገብተው ነበርና «ተከትሎኝ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ቆሻሻ በርሜል ስናወጣ ተገናኘንና እንደ ዋዛ «ይህች ባንዲራ አይደክማትም?» አልኳቸው።

«ለምን ይደክማታል? መሸነፋችን እኮ ለበጎ ነው» አሉኝ።

እዚያው በርሜሉን ይዘን ቆመን ያስረዱኝ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም። በእኛ አገር ፕሪሚየር ሊግ መጨረሻ የወጣ ክለብ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል፤ ደጋፊው ያለቅሳል፣ አሰልጣኙ ስልኩን ያጠፋል። እንግሊዝም ቢሆን ያው ነው፤ ለዚህ ነው ቅዳሜ በጠዋት ተነስተን የምንጨነቀው። እዚህ አገር ግን የሚወረድበት የለም። እንዲያውም ከሁሉ የባሰው ቡድን፣ ከዩኒቨርሲቲ ከሚወጡት ልጆች ምርጡን ቀድሞ እንዲወስድ ተራ ይሰጠዋል። ድራፍት ይሉታል። ሠርግ ቤት መጨረሻ የደረሰውን እድምተኛ ከሙሽራው ፊት አስቀምጦ ብርንዶውን ማስቆረጥ ማለት ነው።

ታዲያ በዚያው በ2024 ታኅሣሥ ላይ ሬደርሶች ከአሥር ሽንፈት በኋላ ጃክሰንቪልንና ኒው ኦርሊንስን በተከታታይ አሸነፉ። እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ብወጣ ጋሼ ሐዘን ላይ ናቸው። «ምን ነካቸው? አሁን ማሸነፍ ምን ይባላል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ በእነዚያ ድሎች ምክንያት የምርጫ ተራቸው ወደ ስድስተኛ ተንሸራተተ። በቀጣዩ ዓመት ትምህርቱ ገባቸው መሰለኝ፣ 3 አሸንፈው 14 ተሸነፉና አንደኛ መራጭ ሆኑ። ጋሼ ያን ሰሞን ሰፈሩን በፈገግታ ነው የዞሩት።

አሰልጣኙን አንቶኒዮ ፒርስን ያባረሯቸው መቼ መሰላችሁ? በጃንዋሪ 7 ቀን 2025። ቀኑን አያችሁት? ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት! በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባል ነው ያደግነው። ሎሌ የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው እንኳ በሳቅ የሚታለፍበት ቀን ነው። የቬጋሱ ጌታ ግን ዶሮ ወጣችን ሳይበርድ ተቆጡ።

እሺ፣ ጌታ ይቆጡ። ግን ማን ላይ? ቡድኑ እዚህ በተጫወተባቸው ስድስት የውድድር ዓመታት አምስት አሰልጣኝ ተፈራርቋል። በ2021 ሪች ቢሳቺያ የሚባሉ ሰው መሀል ላይ በጊዜያዊነት ተረክበው እስከ ጥሎ ማለፉ አደረሷቸው፤ እሳቸውም አልቀጠሉም። ያልተነካው ወንበር አንድ ነው፤ ማርክ ዴቪስ ከአባታቸው ከአል ዴቪስ የወረሱት የባለቤትነቱ ወንበር። ርስት ነዋ። ስታዲየሙ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ከዚያ ውስጥ 750 ሚሊዮኑ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ከሆቴል ክፍል ቀረጥ የሚሰበሰብ። የሆቴሉን አንሶላ የሚያነጥፈው ማን ነው? የእኛ እኅቶች። እንግዳውን ከኤርፖርት የሚያመላልሰው ማን ነው? ወንድሞቻቸው። ቡድኑ ቢሸነፍ፣ ወንበሩን የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ሞልቶ በገዛ ሜዳቸው ቢጮህባቸው፣ ከዚያ ቀረጥ አንዲት ሳንቲም አትመለስም። እኛ አንድ ሳህን ብንሰብር ከደመወዝ ይቆረጣል።

ሣሩ ደግሞ! ስታዲየሙ ጣሪያ አለው፣ ሣሩ ግን የተፈጥሮ ነው፤ ስለዚህ ሜዳውን ሙሉ በትልቅ ትሪ ላይ ዘርግተው በመንኮራኩር እየነዱ ውጭ አውጥተው ፀሐይ ያሞቁታል። በዚሁ ከተማ ውሃ አልቋል ተብሎ በ2021 በወጣው የኔቫዳ ሕግ፣ በመንገድ ዳርና በንግድ ቤት ደጃፍ ያለ ለዓይን ብቻ የሚያገለግል ሣር ከ2026 መጨረሻ በኋላ የኮሎራዶ ወንዝን ውሃ እንዳያገኝ ተከልክሏል። ሥራ የማይሠራ ሣር ይነቀል ነው ነገሩ። መልካም። በ2024 በዚያ ትሪ ላይ ስምንት ጨዋታ ተደርጎ ድሉ ሁለት ብቻ ነበር። የትኛው ሣር ነው ሥራ ያልሠራው? ከደጄ ጠጠር እየለቀምኩ በምኖርበት ሰፈር ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው ግን ውሃ አቀረቡልኝ።

ከዚያ ደግሞ የጃንዋሪ 1984ን ሱፐር ቦውል ያወሩልኝ ጀመር። ዋሽንግተንን እንዴት እንዳደባዩት፣ ማርከስ አለን እንዴት ወደ ኋላ ዞሮ መሀሉን ሰንጥቆ እንደሮጠ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫ የለም። ዓይናቸው ውስጥ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። አጎቴ በእኛ አቆጣጠር ስለ ጥር 1954 ሲያወራ እንዲሁ ነበር፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ግብጽ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2፣ የአፍሪካ ዋንጫው ከጃንሆይ እጅ። እኔስ ብሆን? በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተን፣ ከምድባችን መጨረሻ ወጥተን፣ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ያገባትን አንዲት ጎል እስካሁን ለልጆቼ አወራለሁ። የተቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች ልጆቼ አይጠይቁኝም፣ እኔም አላነሳም። ለእኛ ግን መጨረሻ በመውጣታችን ድራፍት የሰጠን የለም።

ጋሼ አሁን ሌላ የምሥራች ይዘዋል። ድሮ ኦክላንድ የነበረው የቤዝቦል ቡድንም ወደ ቬጋስ ሊመጣ ነው፤ ድሮ ትሮፒካና ሆቴል በነበረበት ቦታ ለ2028 ሜዳ ይሠራለታል፣ ከሕዝብ ገንዘብም ድርሻውን አግኝቷል። በ2023 ስንት ጊዜ እንደተሸነፉ ጠየቅኳቸው። 112 አሉኝ። ቁጥሩን የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤዝቦል በዓመት 162 ጊዜ ነው የሚጫወቱት። ሕጉን እንዲያስረዱኝ ጠይቄያቸው ወንበር አውጥተው ጀምረዋል፤ ባለቤቴም ቡና ልታፈላ ገብታለች፣ ሰውየው ለምን ሳይመታ ወደ ሁለተኛው ማዕዘን እንደሚሮጥ ግን ገና አልገባኝም።