ይድረስ ለወይዘሮ ፋኒ ሜይ እና ለአቶ ፍሬዲ ማክ

የምንጽፍላችሁ ጎረቤቶቻችሁ ነን፤ ወይዘሮ ፋኒ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አቶ ፍሬዲ ቨርጂኒያ ማክሊን ተቀምጣችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለው የሐበሻ ሰፈር ዙሪያችሁን ከቧችኋል። ከመካከላችን ቤት የገዛው ሰው ሁሉ የተበደረው ከባንክ ይመስለዋል። ባንኩ ግን ብድሩን ብዙ ጊዜ ሳያቆይ ለእናንተ ለሁለቱ የቤት ብድር ድርጅቶች ይሸጠዋል፤ እናንተም ከሌሎች ብዙ ብድሮች ጋር አንድ ላይ ታስሩትና “ተበዳሪው ባይከፍል እኛ እንከፍላለን” የሚል ዋስትና ጨምራችሁ ለጡረታ ፈንዶች፣ ለመድን ድርጅቶችና ለውጭ አገር ማዕከላዊ ባንኮች ትሸጡታላችሁ። ለዋስትናው ከወለዱ ላይ ትንሽ ትቆርጣላችሁ። ሥራው ሕጋዊ ነው፤ ባንኩ ገንዘቡ ስለሚመለስለት ለሚቀጥለው ሰው ማበደር ይችላልና ጥቅምም አለው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። እናንተ ለእኛ ዋስ ሆናችኋል፤ ለእናንተስ ዋሳችሁ ማን ነው?

ወይዘሮ ፋኒ፣ እርስዎ በሩዝቬልት ዘመን በ1938 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲወለዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበሩ። በቬትናም ጦርነት ወጪ የተጨነቀው የጆንሰን አስተዳደር በ1968 ዕዳዎን ከመንግሥት መዝገብ ለማውጣት ሲል የግል ባለአክሲዮኖች ንብረት አደረገዎት። አቶ ፍሬዲ በ1970 ተወለዱ። ከዚያ በኋላ በምትሸጡት ሰነድ ሁሉ ላይ “የአሜሪካ መንግሥት ዋስትና የለበትም” ተብሎ ይጻፍ ነበር። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዳችሁ ከግምጃ ቤቱ እስከ 2.25 ቢሊዮን ዶላር የመበደር በር ተከፍቶላችኋል፤ የክፍለ ግዛትና የከተማ የገቢ ግብር አትከፍሉም፤ ከቦርድ አባሎቻችሁም ጥቂቶቹን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነበር። ገበያው ጽሑፉን አንብቦ ሳቀና ከመንግሥት ወለድ ትንሽ ብቻ ከፍ ባለ ዋጋ አበደራችሁ። እቁብ የሚያውቅ ሰው የዚህ ነገር እንግዳነት ወዲያው ይገባዋል። ዕጣው የወጣለት እቁብተኛ ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ በስሙ ይፈርማል፣ ለስንት እንደፈረመ ያውቃል፣ ካልፈለገም እምቢ ብሎ ይሄዳል። የእናንተ ዋስ፣ ግብር ከፋዩ፣ ግን አልተጠራም፣ አልፈረመም፣ መጠኑም አልተነገረውም። ለዋስነቱም አምስት ሳንቲም አልተከፈለውም።

ከዚህ ካልተጻፈ ዋስትና የተገኘው ጥቅም የት እንደገባ ግን በሚገባ ተጠንቷል። የኮንግረስ የበጀት ቢሮ በ2001 ባወጣው ግምት፣ ከምታገኙት ድጎማ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ቤት ገዢው ጋ ሳይደርስ እናንተው ዘንድ ይቀር ነበር። የፌዴራል ሪዘርቩ ዌይን ፓስሞርና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የቤት ብድርን ወለድ የቀነሳችሁት በ0.07 የመቶኛ ነጥብ ብቻ ነው አለ፤ 300,000 ዶላር ለተበደረ ሰው በዓመት 210 ዶላር መሆኑ ነው። እናንተ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ትጠሩ ነበር፤ የድጎማ ተቀባይ ስለ ድጎማው ጥቅም ሲመሰክር ቁጥር አያንሰውም። የቀረው ገንዘብ ምን ሠራ? ከ1999 እስከ 2008 ድረስ ሁለታችሁ ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት ከ164 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣችሁ። ወይዘሮ ፋኒ፣ የእርስዎ ኃላፊዎች ጉርሻቸው የሚሰላበትን የትርፍ ግብ ለመምታት ሒሳብ ሲያበጃጁ እንደኖሩ የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ በ2006 ዘገበ፤ 400 ሚሊዮን ዶላርም ተቀጡ። አቶ ፍሬዲ ከሰው ሁሉ ለየት ያሉ ናቸው፤ ትርፋቸው ከዓመት ዓመት ሳይንገዳገድ እንዲታይ በ5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አሳንሰው ሲጽፉ በ2003 ተገኙ። ያለ ዋጋ የተገኘ ዋስትና ባለበት ቤት ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ ኪሳራው የሌላ ሰው ከሆነ ጥንቃቄ ትርፍ መቀነሻ ይሆናል።

የ2008ቱን የገንዘብ ቀውስ የመረመረው ኮሚሽን እንዳሰፈረው በ2007 መጨረሻ ለ75 ዶላር ኃላፊነት የያዛችሁት ካፒታል 1 ዶላር ነበር። ከመቶው 1.33 ያህል ብቻ ቢከስር ካፒታላችሁ ሙልጭ ብሎ ይበላል ማለት ነው። በጁላይ 2008 ተቆጣጣሪያችሁ “በቂ ካፒታል አላቸው” አለ። ሴፕቴምበር 7 ላይ እሱን የተካው መሥሪያ ቤት ሁለታችሁንም በሞግዚት ሥር ማዋሉ ታወጀ። በ70 ዓመቱ ሞግዚት የተሾመለት ሰው ብርቅ ነው፤ ወይዘሮ ፋኒ ግን ለዚህ በቁ። ዋስ የሆናችሁበትና በእጃችሁ የያዛችሁት ብድር ያን ጊዜ ከ5 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ግምጃ ቤቱ ውሎ አድሮ 191 ቢሊዮን ዶላር አፈሰሰላችሁ። “የመንግሥት ዋስትና የለበትም” የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ ያመነ ሰው ቢኖር፣ በዚያ ቀን የተሳሳተው እሱ ብቻ ነበር።

“ታዲያ መለስን አይደል?” ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ በትርፍ ድርሻ ስም ለግምጃ ቤቱ ገብቷል። ግን ያ ገንዘብ ከየት እንደመጣ እንይ። ፌዴራል ሪዘርቭ በ2009 እና በ2010 መጀመሪያ ከእናንተና ከመንግሥታዊዋ እህታችሁ ከጂኒ ሜይ የወጡ 1.25 ትሪሊዮን ዶላር የሚያወጡ ሰነዶችን ገዛ፤ ወለድ ወርዶ የቤት ዋጋ አገገመ። እንዲያ በተደገፈ ገበያ ውስጥ፣ ከመንግሥት ካዝና ጋር ተያይዞ የተቀመጠ ድርጅት ማትረፉ አይደንቅም። የዋስነት ዋጋም የሚለካው ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ አይደለም። ቤቱ ስላልተቃጠለ ብቻ የመድን ክፍያው ይመለስልኝ የሚል ደንበኛ የለም።

ሁለተኛው መከራከሪያችሁ ከዚህ ይጠነክራል፤ እውነት ያለበትን እውነት ማለት ይገባል። እጅግ የከፋውን ብድር ያመረቱት የግል አበዳሪዎችና ዎል ስትሪት ናቸው፤ ኮሚሽኑም ለቀውሱ አስተዋጽኦ ብታደርጉም ዋና መንስኤው እናንተ አይደላችሁም ብሏል። ይህ ለቀውሱ መነሻ ጥሩ መልስ ነው፤ ለቀጭኑ ካፒታል ግን መልስ አይሆንም። “ያለ እኛ የ30 ዓመት ቋሚ ወለድ አይኖርም፣ ድሃውም ቤት አያገኝም” የምትሉትም አለ። ዴንማርኮች ከኮፐንሃገን ቃጠሎ በኋላ በ1797 በጀመሩት ሥርዓት ዛሬም ለ30 ዓመት በቋሚ ወለድ ያበድራሉ፤ ተበዳሪው ባይከፍል ኪሳራውን የሚሸከመው አበዳሪው ድርጅት ራሱ ነው። እዚሁ አሜሪካም ልትገዙት ከምትችሉት የብድር መጠን ጣሪያ በላይ የሆነውን ጃምቦ ብድር ባንኮች ያለ እናንተ ይሰጣሉ። እርግጥ ጃምቦ ተበዳሪው ሀብታም ነው፣ በ2008 ዓይነት ቀን ደግሞ ያ ገበያ ይደርቃል፤ ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚሆን የመንግሥት ዋስትና ጨርሶ አያስፈልግም ብለን አንከራከርም። ስለ ድሃው ግን እንተዛዘብ። በ2025 የምትገዙት ብድር ጣሪያ 806,500 ዶላር ነበር፤ እንደ ዋሽንግተን ባለ ውድ አካባቢ እስከ 1,209,750 ይደርስ ነበር። የሚሊዮን ዶላር ድሃ ያለው እናንተ ጋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ወይዘሮ ፋኒ የግል ከሆኑበት ከ1968 ጀምሮ ደግሞ በራሱ ቤት የሚኖረው አሜሪካዊ ቤተሰብ ከ64 በመቶ ገደማ ወደ 65 በመቶ ገደማ ነው የደረሰው፤ በመካከሉ 69 ነክቶ ወርዷል።

አሁን ከሞግዚቱ ልትወጡ ነው ይባላል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሜይ 2025 አክሲዮናችሁን ለሕዝብ የመሸጥ ሐሳባቸውንና መንግሥት ያንን ያልተጻፈ ዋስትና እንደያዘ እንደሚቀጥል ተናግረዋል። ከ7 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ኃላፊነት ይዛችሁ፣ በ2024 መጨረሻ የተጣራ ሀብታችሁ 154 ቢሊዮን ገደማ፣ ሁለት በመቶ ያህል ነበር። ከ2008 በእጅጉ ይሻላል፤ ለክፉ ቀን ግን አይበቃም። አክሲዮናችሁን በርካሽ ሰብስበው የሚጠብቁት ሄጅ ፈንዶች ትርፉን ይወስዳሉ፤ ዋሱ እንደገና አልተጠየቀም።

የምንለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ዋስትናው የሚቀጥል ከሆነ ኮንግረስ በሕግ ይጻፈው፤ ልክ ይኑረው፤ የባንክ ተቀማጭ መድን ባንኮችን እንደሚያስከፍል ሁሉ እናንተም ተገቢውን ዋጋ ለግምጃ ቤቱ ክፈሉ፤ ከዋሱ በፊትም የባለአክሲዮኖቻችሁ ገንዘብ ይለቅ። የማይቀጥል ከሆነ አክሲዮን ከመሸጣችሁ በፊት ኪሳራችሁን ራሳችሁ የምትሸከሙበት ካፒታል አስቀምጡ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምትመርጡ ወገኖቻችንም ተወካዮቻችሁን ይህንኑ ጠይቁልን፤ ዲሲ ያላችሁት ድምፅ የሚሰጥ የኮንግረስ ተወካይ ባይኖራችሁም ግብሩን ስለምትከፍሉ ጻፉላቸው።