ፓስወርዱ ማን ጋ ነው?

ጠዋት በሩን ከፍተን፣ ጠረጴዛውን ወልውለን ኮምፒውተሩን ስናስነሣ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው፦ ፓስወርዱ ማን ጋ ነው? እሱ ጋ። እሱስ? ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዷል። ለማን ሰጠው? ለእሷ። እሷስ? የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት።

በጅማና አካባቢዋ፣ ቦሳ ኪቶም ሆነ አጋሮ፣ ሊሙ ገነትም ሆነ የቡ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምንውል ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ኮሃ መጣ፣ የዲጂታል ሰነድ ማከማቻው ዲስፔስ መጣ፣ ሂናሪ መጣ፣ ዞቴሮ መጣ። መምጣታቸውን አንጠላም፤ እንወዳቸዋለን። ሂናሪ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አቅማችን የማይችላቸውን የሕክምና መጽሔቶች ከፈተልን፤ በ1996 ዓ.ም. አጎራ ግብርናውን ጨመረልን። የመጻሕፍት መመዝገቢያው ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በተመሠረተበት ዓመት። ስሙ በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ስጦታው እኛ ጋ ሲደርስ ለምን አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይቀራል?

ሥልጠና ሲመጣ ኃላፊው ይሄዳል። ከተማሪ ጋር ሲጋፈጥ የሚውለው አይሄድም። የሄደው ቦርሳና የምስክር ወረቀት ይዞ ይመለስና ሳያካፍለን ይዛወራል። ተራው ለእኛ የደረሰ ዕለት ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ሲኖር መብራት የለም። መብራት ሲመጣ የፕሮጀክተሩን ቁልፍ የያዘው ሰው የለም። አንዴ የፕሮግራሙን ገጽ በፎቶ ተማርን። በማግስቱ ስንከፍተው ገጹ ተቀይሯል፤ «እዚህ ጋ ተጫኑ» የተባልነው ቦታ ላይ ምንም የለም።

በቴሌግራም እንረዳዳ ብለን ግሩፕ ከፈትን። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራም አምስት ወር ያህል ታገደ፤ ቪፒኤን የማያውቁ ባልደረቦቻችን በዚያው ተቆረጡ። ሲለቀቅ ደግሞ ግሩፑን የበዓል ምኞት ሞላው፤ የምንፈልገውን ለማግኘት አበባና ሻማ ስንገፋ እንውላለን።

እውነቱን ለመናገር በደንብ የተማርነው መብራት በጠፋ ቀን፣ ቡና ላይ ነው። አንዷ ባልደረባችን ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ፣ ዞቴሮ ማጣቀሻ እንዴት እንደሚደረድር በላፕቶፕዋ ባትሪ አሳየችን። የሁለት ቀን ሥልጠና ያልሰጠንን ሰጠችን። ይህን ሰዓት ግን ሥራ ብሎ የሚቆጥርልን የለም፤ «ቡና ላይ ናቸው» ነው የምንባለው። በሳምንት አንድ ከሰዓት ለዚሁ ቢፈቀድልን፣ የሠለጠነ ሰው ሳይዛወር በፊት ያወቀውን እንዲያሳየን ቢታዘዝ ምን ይጎድላል?

በቀደም አንድ የአጋሮ ልጅ መጣ። «እትዬ፣ አባቴ ማሳ ላይ የቡናው ፍሬ እየጠቆረ ነው፤ አዲስ ጥናት ካለ ይፈልጉልኝ» አለኝ። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ከታየበት ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ተጽፎበታል! አጎራ ላይ እንደማገኘው አውቃለሁ። ፓስወርዱ ተቀይሯል። መቀየሩን የነገረን የለም። ሦስት ሰው ጋ ደወልኩ፤ አንዱ አላነሣም፣ አንዱ «የድሮው ነው ያለኝ» አለ፣ ሦስተኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላከልኝ። ልጁ መኪና እንዳያመልጠው ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቷል። ስልክ ቁጥሩን አልተቀበልኩም ነበር። ያተምኩለት አሥራ አንድ ገጽ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው።